በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር መርዶ

ክንፉ የሚባለው የሒሳብ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ሦስቱን ሰዎች ሲያይ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ጉሙ ከደረጃው ሥር እንደተኛ ነው። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሴቲቱ፣ ሰናይት፣ ሳይወድቅ ክንዱን ያዘችው። ሽማግሌው ጋሽ መንገሻ ከያዙት ፔርሙዝ ለብ ያለ ውሃ ቀዱለት። አስናቀ ደግሞ ሶፋው ላይ አስቀምጦት አጠገቡ ተቀመጠና መዳፉን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«እናቴ ናት?» አለ ክንፉ።

«አይደሉም፣ እናትህ ደህና ናቸው።» አስናቀ የሰውየው ትንፋሽ እስኪመለስ ጠበቀ። «ክንፉ፣ አለቃህ ወይዘሮ ጽዮን ጡረታ ስለወጡ ከሰኞ ጀምሮ በቦታቸው ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

ክንፉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።  ሲበቃው ውሃውን ጠጣ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ አዲሱ አለቃ ወንድ ይሁን ሴት ጠየቀ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ሥራው ይገባል።

ድሮ እንዲህ ያለውን ወሬ ሰው በስልክ ሰምቶ ምሳውን ይበላ ነበር ይባላል። በ2115 ዓ.ም. በሰላም ሜዳ ከተማ ግን ይህን የሚያምን ጥቂት ነው። መርዶ በማለዳ መንገሩ የአባት ወግ ነው፤ ሰው ሐዘኑን ታቅፎ እንዳያድር፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰማዩ ሲገላለጥ ይነገረዋል። ወጉ ያኔ ለሞት ብቻ ነበር። አሁን ለጥርስ መነቀልም፣ ለፈተና ውጤትም፣ ለአለቃ መቀየርም ሆኗል። መንግሥት ቢሮ ከፍቶለት፣ ደመወዝ ቆርጦለት፣ «ነጋሪ» የሚል ስም አውጥቶለት የተከበረ ሙያ ነው። ነጋሪ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንን ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ሰውየው በመካከል ባለችው ዝምታ ይጎዳልና። አስናቀ በዚህ የተመሰገነ ነበር።

ወደ ቢሮ ሲመለሱ ሚኒባስ ያዙ። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ «ገበያ፣ ገበያ» ይላል በሹክሹክታ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው። ሾፌሩ ፍሬን ከመያዙ በፊት ወንበሮቹ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቢጫ ትሆናለች። በየቤቱ በር ላይ ድምፅ የሚያፍን ብርድ ልብስ ተለጥፏል፤ ማንኳኳት ቀርቶ በበር መብራት ከተተካ ዘመን አልፏል። ሰማዩ ሲጠቁር ማሳሰቢያው በየሰሌዳው ላይ ይወጣል፦ «ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ሩቅ ነው፤ ያልፋል።» ይህንን የጻፈችው የአስናቀ ሚስት ዝናሽ ናት። ሥራዋ ነው። ከተማው ውስጥ ድምፅ ሊያሰማ ያለ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በእሷ እጅ ያልፋል፤ መጨረሻው ላይ «ያልፋል» የምትለው ቃል የእሷ መለያ ናት፤ አለቆቿ ሊያስጥሏት ሞክረው አልቻሉም።

ማሳሰቢያ የማይጻፍለት አንድ ድምፅ ብቻ አለ፤ የሕፃን ለቅሶ። ጠብታውም የመጣው ለዚሁ ነው።

ጠብታው እናት ከማጥባቷ በፊት ጡቷ ላይ የምታደርገው ነገር ነው፤ ለሰባት ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ። ልጁ ዝም ይላል። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ ይረጋል፤ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያ እያየ ይውላል። ሳጥኑ ላይ በጉልህ ፊደል ተጽፏል፦ «ሕፃኑን ያረጋጋል። በጉልምስና ብርቱ ጭንቀትና ድብርት ያስከትላል።» ሁሉም ያነበዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንብበው ሰጥተዋል። ልጅ ሳለ ጠብታ ያልወሰደ ሰው «ደረቅ» ይባላል፣ ነጋሪ መሆን የሚችለውም እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው የሰው መርዶ ሊነግር ሄዶ ራሱ ይወድቃልና።

አስናቀ ደረቅ የሆነው በአጋጣሚ ነው። መንዝ ውስጥ ክረምት ላይ ሲወለድ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ነበርና የጤና ሠራተኛዋ ጠብታውን ይዛ ስትደርስ ጊዜው አልፏል። ጠብታው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነው። የሰላም ሜዳ ሰው ጊዜውን እንዳይረሳው በክርስትና ነው የሚቆጥረው፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ጠብታው እንደ ውሃ ነው፣ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። እናቱ ወይዘሮ በለጡ እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል፦ «ማዶ ያለውን መንደር ሁሉ እንቅልፍ የነሳህ ልጅ አሁን ሹክ እያልክ እንጀራ ትበላለህ።»

አሁን የራሱ ልጅ ተወልዳለች፤ ሳጥኑም ቤቱ ገብቷል። አስናቀ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ ሰቅሎታል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ልጁ ሳትቀምሰው ክርስትናዋ እንዲደርስ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደረጃው ላይ ሳለ ለቅሶው ተሰማው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ቀይ ሆኗል፤ ሰሌዳው ድምፁን ይሰማል እንጂ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አያውቅም፣ ስለዚህ ባዶውን ይቀላል። የየቤቱ በር ተዘግቷል። አስናቀ ከየብርድ ልብሱ ኋላ የቆሙ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል።

ዝናሽን መታጠቢያ ቤት አገኛት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። እጆቿ ልጅቱን ይዘዋል፤ የቀረው ሰውነቷ ግን ከልጅቱ ሊሸሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው። አስናቀ ልጅቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ መመላለስ ጀመረ፤ እሹሩሩ እያለ። ጮኸች፣ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለው ነበር። ልጁ ሆዷን ሲያማት፣ ሲበርዳት፣ ሲከፋት ትናገራለች። በከተማው ውስጥ የከፋውን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ሌላ ሰው አያውቅም።

ማታ እትዬ ፋናዬ መጡ፤ የሕንፃው ዕድር ዳኛ። እንደ ደንቡ ከመምጣታቸው በፊት መልእክት ልከዋል። ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ የጠብታ ልጆች አንዷ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ግቡ ቢባሉ አልገቡም፤ አንድ እጃቸው መቃኑን ይዞ ነበር።

«አስናቀ ልጄ፣ ለጭቅጭቅ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ጎረቤትህ ጋሽ ተሰማ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተወስደዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ቤት ሊለቁ ነው። እኔ ራሴ ልጅህ ስትጀምር አልጋ ሥር ነው የምገባው። በዚህ ዕድሜዬ ልንገርህ ብዬ ነው እንጂ ያሳፍራል።»

«እስከ ክርስትናዋ ታገሱኝ። ከዚያ ወዲህ እያደገች ስትሄድ ለቅሶዋም ይቀንሳል።»

«ከክርስትናው በኋላማ ጠብታው አይሠራም።»

«ለሱ ብዬ ነው» አለ አስናቀ። ድምፁ ከፍ እንዳይል ተጠነቀቀ። «እትዬ፣ እርስዎ ልጄ ስታለቅስ የሚፈሩት ሕፃን ሳሉ እንዳያለቅሱ ስለተደረጉ ነው። እሷን ዝም ካሰኘናት ነገ የእሷን ልጅ ለቅሶ አትችልም። ከዚያስ?»

«ይህንን የማላውቅ መሰለህ?» አሉ እትዬ ፋናዬ። መቃኑን የያዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ በሩ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አውቃለሁ ልጄ። ማወቄ እጄን አላቆመልኝም።»

ሄዱ። አስናቀ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ዝናሽ ከኋላው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ስለ እኔም እንደዚህ ነው የምታወራው?» አለችው። «ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው?»

«ዝናሽ።»

«አይ፣ ስማኝ ዛሬ። አንተ ስትፈራ መጀመሪያ የሚያስፈራ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ትፈራለህ። እኔ መጀመሪያ ፍርሃቱ ይመጣል፤ ምክንያቱን እኔ ነኝ የምፈልግለት። ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዙሪያዬን አያለሁ፤ በሩ ነው እላለሁ፣ ስልኩ ነው እላለሁ፣ አንተ መንገድ ላይ ቀርተህ ነው እላለሁ። አሁን ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም። ልጄ ሆናለች።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ልጄን እየፈራኋት ነው አስናቀ። ስትነቃ እንዳልሰማ እጸልያለሁ። ይህች እናት ናት?»

አስናቀ ጠጋ አላት። እጇን ያዘ፤ በረዶ ነበር።

«ለእሷም ይህንን ትመኚላታለሽ?» አላት በመጨረሻ።

ዝናሽ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «አልመኝላትም» አለች።

«እንግዲያው እንታገሥ። ክርስትናው ሩቅ አይደለም። እኔ እሸከማታለሁ፣ አንቺ ጆሮሽን ሸፍኚ። እንታገሥ?»

«ይሁን» አለች ዝናሽ።

አስናቀ ይህችን «ይሁን» ደጋግሞ አሰባት፤ ሁልጊዜም እሺታ ሆና አገኛት።

በማግስቱ ለጋሽ መንገሻ ነገራቸው። ጋሽ መንገሻ ጠብታው ሳይመጣ የተወለዱ ናቸው፤ ጡረታቸው ቢደርስም የሚተካቸው ሰው ጠፍቶ ቢሮው አለቀቃቸውም። ሻይ እየጠጡ ሰሙት።

«ነገሩ እኮ መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም» አሉ። «ያው ንጥረ ነገር ለእኔ ዕድሜ ሰው ቢሰጥ ያጽናናል። ጨቅላ ግን ጭንቅላቱ ገና እየተገነባ ነው። ንጥረ ነገሩ እዚያ ግንበኛ ነው፤ ሲበዛ ግንበኛው ይሳሳታል። ቤቱ ያምራል፣ ጸጥ ይላል፤ ደወሉ ግን በየበሩ፣ በየመስኮቱ፣ በየጣሪያው ላይ ተተክሎ ያልቃል። ባለቤቱ አድጎ ሲገባበት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጮኽበታል።»

«ታዲያ ሰው ይህን እያወቀ…»

«ሰው የሚኖረው ዛሬ ማታ ነው አስናቀ። ሠላሳ ዓመት ሩቅ ነው፣ ለቅሶው ግን እዚህ ጆሮ ላይ ነው።» ሻያቸውን አስቀመጡ። «በርታ። እኛ ስናልቅ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ማን እንደሚነግረው አላውቅም። አንዲት ደረቅ ልጅ ብታተርፍ ለአገር ነው።»

አስናቀ ሳቀ። ለአገር ብሎ አልነበረም። ሆኖም አባባላቸው ልቡን ሞላው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ልጅቱ ዝም አለች።

በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የማታው ለቅሶ አጠረ። ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ያለው ቀረ። አስናቀ ከሥራ ሲመለስ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ልጅቱ አልጋዋ ላይ ዓይኗን ከፍታ። አንሥቶ ደረቱ ላይ ያስደግፋታል፣ እሹሩሩ ይላታል፤ ገና ሳይጀምር ዝም ያለችውን ልጅ። እናቱ ጋ ደውሎ «አወቅኳት፤ አያያዟን አገኘሁት» አለ። ወይዘሮ በለጡ ሳቁ፤ «አንተ ስድስት ወር ነው የፈጀህብኝ፣ ያንተዋ ብልጥ ናት» አሉት። ደስታው ወሰን አጣ። ዝናሽም መተኛት ጀመረች። ፊቷ ተመለሰ፤ ፀጉሯን ተሠራች። አንድ ቀን ማታ ስታጠባ አይቷት ደፍሮ «አየሽ? ታገሥን» አላት። ዝናሽ ቀና ሳትል የልጅቱን ግንባር በጣቷ ዳሰሰች።

ጎረቤቱም ተለወጠ። ጋሽ ተሰማ ደረጃው ላይ ሲያገኙት ቆብ አነሡለት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ዕቃቸውን መልሰው ፈቱ። እትዬ ፋናዬ ትኩስ ገንፎ በድስት ይዘው መጡና ለዝናሽ አስረከቡ፤ ሲወጡ የአስናቀን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ያበርታህ ልጄ» አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እፍረት ነው አለ አስናቀ በልቡ፤ እንደዚያ ስላስጨነቁኝ ነው። መርዶ ያለበትን ቤት የማያውቅ ሰው ቢሆን አይፈረድበትም ነበር። ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ከቤተሰቡ ቀድሞ ያውቃል፤ መርዶው እስኪነገር ድረስ ሁሉም እያወቀ ዝም ይላል፣ ሐዘንተኛውን ሲያገኘው ይራራለታል፣ እጁን ጠበቅ አድርጎ ይጨብጠዋል፣ ያለ ወትሮው ምግብ ያመጣለታል። አስናቀ ይህንን ለአዳዲስ ነጋሪዎች ያስተምራል። ምልክቶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። የሰው ቤት ላይ እንጂ የራሱ ቤት ላይ አላያቸውም።

አንድ ማክሰኞ ሰናይት የውሃ ማሰሮ ከእጇ አመለጣት፤ ልጅቱን ልታይ መጥታ ነው። ማሰሮው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ዝናሽ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፣ ኮሪደሩ ላይ በሮች ሲቆለፉ ተሰማ፣ አስናቀ ራሱ ክው አለ። ልጅቱ ብቻ የዓይኗን ቆብ አላርገበገበችም። አስናቀ የልጅቱን ፊት ቆሞ አየ። 

«ጀግና ናት» አለች ሰናይት ቶሎ ብላ። ስብርባሪውን ለመልቀም አጎነበሰች፤ ቀና ሳትል ብዙ ቆየች።

አስናቀ ቁም ሣጥኑ ላይ አንጋጦ አየ። ሳጥኑ እንዳለ ነው፣ ከሻንጣው ኋላ፣ እሱ ባስቀመጠበት ማዕዘን። ወንበር አምጥቶ ቢያወርደው ኖሮ የሚያውቀውን ያውቅ ነበር። አላወረደውም። ማውረድ ዝናሽን ማመን መተው መሰለው፤ ይህ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ነው። እውነቱ ግን ፈርቶ ነበር። ደረቅም ይፈራል።

ክርስትናው ሲቃረብ አንድ ቀን ማምሻውን ከቢሮ «ነገ አትምጣ፣ ዕረፍት ነህ» የሚል መልእክት ደረሰው። ደስ አለው። የክርስትና ልብስ እንገዛለን ብሎ ለዝናሽ ነገራት። ዝናሽ እራት አልበላችም።

ጠዋት ሊነጋጋ ሲል የበሩ መብራት በራ። አስናቀ በቁምጣና በካናቴራ ሄዶ ከፈተ።

ጋሽ መንገሻ ፊት ለፊት ቆመዋል። ከግራቸው ሰናይት ናት፤ ከቀኛቸው አንድ አዲስ ሠልጣኝ ፔርሙዝ ይዟል። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መጀመሪያ ሥራ መስሎት ልብሴን ልልበስ ሊል ነበር። ከዚያ የሰናይት እጅ ክንዱን ያዘው። እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ አውራ ጣት ከውስጥ፣ አራቱ ጣት ከውጭ፣ ሰው ሲወድቅ እንዳያመልጥ። እሱ ነው ያስተማራት።

«እናቴ ናት?» አለ አስናቀ።

«አይደሉም። ወይዘሮ በለጡ ደህና ናቸው» አሉ ጋሽ መንገሻ። ሶፋው ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ለስንት ሰው እንዲህ እንዳደረገ አሰበ፤ መዳፉ ይህን ያህል እንደሚከብድ ግን አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቁ። አልተመለሰም።

«አስናቀ፣ ዝናሽ ለልጅህ ጠብታውን ሰባቱንም ቀን ሰጥታ ጨርሳለች።»

ሠልጣኙ ውሃ ቀዳ። አስናቀ ኩባያውን ተቀበለና ሳይጠጣ ያዘው። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ እንደሚገባው።

«መቼ?» አለ።

«ጠዋት ጠዋት። አንተ ሥራ ስትወጣ።»

ጠዋት ጠዋት። እሱ የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ መዳፉን የሰው ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ።

«እርስዎ መቼ አወቁ?»

ጋሽ መንገሻ ዓይናቸውን አላሸሹም። «ትእዛዙ ቢሮ የገባው ባለፈው ሳምንት ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ።»

«ትናንት አብረን ሠርተናል። ሻይ ጠጥተናል።»

«አዎ ጠጥተናል። ቀኑ አልደረሰም ነበር ልጄ። ወጉን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ጋሽ መንገሻን መስደብ ፈለገ፣ የሚሰድብበት ቃል ግን አጣ፤ እሱ ራሱ ስንቱን ሐዘንተኛ እያወቀ ደህና አደርክ ብሎት አልፏል።

በመኝታ ቤቱ በር በኩል ዝናሽ ታየችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ልብሷን ለብሳ፣ ልጅቱን ታቅፋ። ከእነሱ ቀድማ ነቅታ ነው የጠበቀቻቸው። ለባሏ ነጋሪ ያዘዘች እሷ ናት። ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ፤ ሰናይት ክንዱን ሳትለቅ እስከ በሩ ተከተለችው፣ እዚያ ለቀቀችው።

«ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?» አላት።

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ፊትህን። ስትሰማው የሚሆነውን ፊትህን።» እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። «ሁለት ቀን ልታገሥ ሞክሬ ነበር፣ አስናቀ ሙት። አንድ ቀን ልጅቷ ስትጮኽ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ እሷን ይዤ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም። ዘግቼው መጥቼ ሳጥኑን አወረድኩት። አንተ ትክክል ነህ። ትክክል እንደሆንክ እያወቅኩ ነው የሰጠኋት።»

አስናቀ መስኮቱን አየ።  ሚስቱን ሊጠላት ፈለገ፤ አልሆነለትም፤ ይህም ራሱ ደረቱን አቃጠለው።

ዞር ሲል በክፍቱ በር በኩል የኮሪደሩ ሰሌዳ ታየው። አረንጓዴ ነበር፤ ጽሑፍ ወጥቶበታል፦ «ከአራተኛ ፎቅ የአባት ለቅሶ ይሰማል፤ ቅርብ ነው፤ ያልፋል።»

የማን ጽሕፈት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ለቅሶውን ከእሱ ቀድማ ጽፋለታለች። ሕንፃው በሙሉ ነቅቶ፣ ከየብርድ ልብሱ ኋላ ቆሞ፣ ጆሮውን ሸፍኖ የእሱን ለቅሶ እየጠበቀ ነው። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲያዝንለት የቆየው ለዚህ ነው፤ ገንፎውም፣ ቆቡም፣ የእትዬ ፋናዬ እጅም።

አለቀሰ። እንደ ድሮ ሰው፣ እንደ መንዝ ሰው፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ኩባያው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ዝናሽ ተሸማቅቃ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች፤ ሠልጣኙ እንኳ ደረቅ ሆኖ ሳለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ልጅቱ ዓይኗን ከፈተች። አባቷን አየችው፣ አፉን፣ እንባውን። አስናቀ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፊቷ ድረስ ቀረበ።

«አልቅሺ» አላት። «እባክሽ እናቴ፣ አንድ ጊዜ አልቅሺልኝ።»

ልጅቱ ፈገግ አለች።

«አየህ?» አለች ዝናሽ፤ ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበር። «አልፈራችም።»

«አሁንማ አትፈራም» አለ አስናቀ።

ሠልጣኙ ስብርባሪውን ለቀመ። ጋሽ መንገሻ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሐዘንተኛው አልቅሶ ሲበቃው አንድ ነገር እስኪጠይቅ ነጋሪ ከቤቱ አይወጣም። አስናቀ ልጁን ከዝናሽ ተቀብሎ ታቀፋት፣ ቀላልና ሞቃት ነበረች። ይህንን አንድ ቀን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። አድጋ፣ አንድ ጠዋት ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር አግኝታ፣ ምክንያቱን ዙሪያዋን ስትፈልግ። ያኔ ነጋሪ ከተረፈ የሚተርፈው እሱ ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ የልጁ በር ላይ ሲቆም ታየው፤ መዳፉን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ሲጠብቅ። ዓረፍተ ነገሩን ከአሁኑ በልቡ ጀመረው። እናትሽ ጠብታውን የሰጠችሽ ፈርታ ነው፣ አለ። ከዚያ ሳጥኑን አስታወሰ፤ ከሻንጣው ኋላ፣ እሱም ፈርቶ አውርዶ ያላየውን። እንደገና ጀመረው። ደጋግሞ ሞከረ፤ በሞከረ ቁጥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነበት።